የተሸረፈችው ቆሪ

የማወጋችሁ የአንዲት ቆሪ ነገር ነው።

የሾርባ ቆሪ ናት። ሁለት መዳፍ ሲገጥም መሐሉ ላይ ልክክ ብላ የምትቀመጥ፣ ውጭዋ ጥቁር፣ ውስጧ እንደ በሰለ በርበሬ የቀላ። ከፈረሰ ቤት ሥር ተቆፍራ ነው የወጣችው። ከንፈሯ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ተሸርፋለች። የያዟት አዛውንት ባለሙያ ወደ መስኮቱ አስጠጓትና የተሸረፈውን በትንሽ ጣታቸው እያመለከቱ፣ "ደህና ብትሆን ኖሮ ይህን አታይም ነበር" አሉኝ፤ አስተርጓሚዬ ከሥር ከሥር እየተከተለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከላይ ቀዩ አለ፣ ከወረቀት የሳሳ። ከሥሩ ጥቁር መስመር። ከዚያ ወፈር ያለ፣ የተሰበረ ሸክላ የሚመስል ጠቆር ያለ አፈር። ከአፈሩ በታች የጨርቅ ክር ጫፉ ተነጭቶ ብቅ ብሏል። ከሁሉም በታች እንጨት። በዚያች ጥፍር በምታህል ቁስል ውስጥ የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ ሙያ ተደራርቦ ተኝቷል። እኔም የሄድኩት ያንን ለማየት ነበር፤ እንዲህ በቁስል በኩል አየዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከተማዋ ዋጂማ ትባላለች። የጃፓንን ካርታ ያየ ሰው ከትልቁ ደሴት ወገብ ላይ ወደ ባሕር እንደ ጣት የተቀሰረ መሬት ያስታውሳል፤ ኖቶ ይሉታል። ዋጂማ ያለችው በሰሜኑ ዳርቻ ነው። የባቡሩ መስመር በ2001 ስለተዘጋ (ዘመኑን በፈረንጆች እየቆጠርኩ ነው) ከካናዛዋ ከተማ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። መንገዱ በየቦታው የተጠጋገነ ነበር። የቤቶቹ ክዳን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሸክላ፣ ባሕሩ ግራጫ፣ ሰማዩም ግራጫ። አየሩ እርጥብ ነው፤ በክረምቱ በረዶና ዝናብ ይፈራረቁበታል፣ የተሰጣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ይህን እርጥበት አደራ፣ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህች ከተማ ሰዎች ለዘመናት ሲሠሩ የኖሩት የእንጨት ዕቃ ነው፤ ቆሪ፣ ሣጥን፣ ገበታ። እንጨቱን ደግሞ ኡሩሺ የሚሉትን የዛፍ ደም እየደራረቡ ይቀቡታል። ሥራው የታወቀበት ስም ዋጂማ ኑሪ ነው። ጁዞ በሚባለው የከተማዋ የአምልኮ ቤት ውስጥ በ1524 እንደተሠራ የሚነገር ቀይ የተቀባ በር አለ፤ የሙያውን ዕድሜ ሲጠየቁ እሱን ነው የሚጠቅሱት። በ1977 የጃፓን መንግሥት ሙያውን ራሱን የአገር ቅርስ ብሎ መዘገበው። ዕቃውን አይደለም፤ የእጅ ሙያውን።

አንዲት ቆሪ ከመቶ በላይ የሥራ ደረጃ ታልፋለች። ይህን ሁሉ የሚሠራ አንድ ሰው ግን በዋጂማ አታገኙም። እንጨት የሚፈለፍለው አይቀባም። ሥረኛውን የሚቀባው ላይኛውን አይነካም። የሚሞርደው ይሞርዳል፣ የሚያንቆጠቁጠው ያንቆጠቁጣል፣ ወርቅ የሚያስገባው ወርቅ ያስገባል። እያንዳንዱ ዕድሜውን በአንዲት ደረጃ ላይ ይጨርሳል። ዕቃው ከቤት ወደ ቤት፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዞራል። ስለዚህ ዋጂማን መጎብኘት ማለት ቆሪ እየተከተሉ በር ማንኳኳት ነው።

ከእንጨቱ ልጀምር። ኬያኪ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ይቆረጣል፣ በግምት ይፈለፈላል፣ ጭስ ይሞቃል፣ ከዚያ ብዙ ወራት ይከርማል። መሰንጠቅም ሆነ መጣመም ካለበት እዚያው ይጨርስ ማለት ነው። ከከረመ በኋላ ቶርኖ ላይ ወጥቶ በስለት ይሳሳል። ሠራተኛው የጨረሰውን አንዱን አንስቶ ወደ መብራት ሲያዞረው ብርሃኑ በእንጨቱ ውስጥ ቡናማ ሆኖ አለፈ። ተቀብዬ ስይዘው ክብደት አልነበረውም። ይህ ሾርባ ሊይዝ? ይህ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ? በጣት ቢጫኑት የሚሰበር ነገር ነው።

የዋጂማ ምስጢር ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ልበል።

መጀመሪያ ጥሬው ኡሩሺ እንጨቱን ጠጥቶ እስኪጠግብ ይቀባል። ከዚያ ሻሽ የመሰለ ስስ ጨርቅ በኡሩሺና በሩዝ ሙጫ ድብልቅ ተነክሮ ይለጠፋል፤ ከንፈር በሚያርፍበት ጠርዝ፣ ቆሪዋ በምትቆምበት እግር፣ ዕቃ ሲወድቅ ቀድሞ በሚነካው ቦታ ሁሉ። ስብራት ላይ ጨርቅ እንደሚጠመጥም ወጌሻ፣ እነሱ ግን ከመሰበሩ በፊት ይጠመጥማሉ። ቀጥሎ አፈሩ ይመጣል።

ከከተማዋ አጠገብ ኮሚኔ የሚባል ኮረብታ አለ። አፈሩ ተራ አፈር አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የውኃ ሕያዋን ሞተው የተከማቹበት ነው፤ ቅርፊታቸው በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ። ይህን አፈር ይጠብሱታል፣ ይፈጩታል፣ በወንፊት ይለዩታል። "ጂኖኮ" ይሉታል፤ የምድር ዱቄት እንደማለት ነው። ዱቄቱ ከኡሩሺና ከሩዝ ሙጫ ጋር ሲለወስ ኡሩሺው በእያንዳንዷ ቀዳዳ ይገባና ይጠነክራል። የእኛ ቀለም ቀቢዎች ግድግዳ ከመቀባታቸው በፊት ስቱኮ ይለስኑ የለ? አስቡት፤ ያ ስቱኮ እንደ ድንጋይ ሲጠና፣ ሙቀትም ሲይዝ፣ ትኩስ ሾርባ ተደርጎበት መዳፍን ሳያቃጥል ሲቀር።

አዛውንቱ የሚሠሩት ይህን ነው። ሥረኛውን ልስን። ሰሌዳ ላይ ድብልቁን በስፓቱላ ይለውሳሉ፤ ስፓቱላው ከእንጨት ነው፣ ራሳቸው ናቸው በቢላ እየጠረቡ ልኩን የሚያወጡት፣ ጫፉ ሲያልቅ እንደገና ይጠርቡታል። ቆሪዋን በግራ እጃቸው ያዞራሉ፣ በቀኛቸው ይለስናሉ። አንድ ዙር። ስፓቱላው በእንጨቱ ላይ ሲያልፍ እንደ ሐር ያለ ድምፅ አለው። መጀመሪያ ሻካራው ዱቄት፣ ሲጠና በመሳያ ድንጋይና በውኃ ይሞረዳል። ቀጥሎ የላመው፣ ይሞረዳል። ሦስተኛ ከዚያም የላመው፣ ደግሞ ይሞረዳል።

"ይህ ሁሉ በኋላ አይታይም?" አልኳቸው።

"አይታይም" አሉ። ቀና አላሉም። ትንሽ ቆይተው፣ "በልቶ የሚያጥብ ሰው ያውቀዋል፤ ከ30 ዓመት በኋላ" አሉ።

እኔ ይህን ሰው ከባለ ወርቁ ሠዓሊ አብልጬ ነው ያከበርኩት። ሱቅ ገብቶ ዕቃ የሚገዛ ዓይኑ ወርቁ ላይ ነው። ፕላስቲክ ላይ ቀለም ነፍተው በርካሽ ዋጋ የሚሸጡትም አሉ፤ ፎቶ ላይ ብታዩት አትለዩትም። ልዩነቱ ያለው ከቀለሙ በታች ነው፤ እዚያ ያለውን ደግሞ ሲሸጥ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። ሰው የማያይለትን ሥራ ዕድሜ ልኩን አሳምሮ የሚሠራ ሰው ማየት ልብ ይነካል።

አሁን ስለ ኡሩሺው። የዛፉም ስም ኡሩሺ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ኮትኩተው ያሳድጉታል። በመተማና በቋራ የዕጣን ዛፍ ሲደማ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ግንዱን በስለት ይጭሩታል፣ የሚወጣውን ጠብታ ይጠርጋሉ፣ ቀናት ያሳርፉትና ከፍ ብለው ትንሽ አስረዝመው እንደገና ይጭሩታል። ከበጋቸው መግቢያ እስከ መጸው እንዲህ ነው። ከአንድ ዛፍ የሚገኘው ወደ 200 ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ከዚያ ዛፉ ይቆረጣል። በዚያው ወቅት ጨርሶ ሰጥቷልና። ከጉቶው ቡቃያ ይነሳል፣ ቡቃያውም አድጎ እስኪደማ ሌላ አሥር ዓመት እና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። በጃፓን ውስጥ ይህ ሥራ በሰፊው የቀረው ኢዋቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ጆቦጂ በሚባል ስፍራ ነው። ጃፓን ከምትጠቀምበት ኡሩሺ ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚመጣው ግን ከቻይና ነው።

ኡሩሺ ጥሬውን ሳለ መርዝ አለው። የነካው ያብጣል፣ ሽፍታ ያወጣል፣ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። የማንጎ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የማንጎ ልጣጭ ከንፈሩን የሚያሳክከው ሰው ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል። በሥራው ቤት አዲስ የገባ ተለማማጅ መጀመሪያ የሚማረው ማሳከክን መቻል ነው። አንዱ ወጣት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ፤ ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀልቷል። ሲጠና ግን መርዙ የለም። አሲድ አይበላውም፣ ውኃ አያሳልፍም፣ አፍ ቢነካው ምንም የለውም።

አደራ ወዳልኳችሁ እርጥበት አሁን ልመለስ። ኡሩሺ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት አይደርቅም። የሚጠናው በእርጥብ አየር ነው፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ወዲያ፣ እርጥበቱ ከመቶ ሰባና ሰማንያ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቅመም ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ማድረቂያ ሳይሆን ማርጠቢያ ቁም ሣጥን አላቸው። ከእንጨት ነው የተሠራ፤ ግድግዳውን በውኃ እየወለወሉ ዕቃውን ውስጡ ያኖራሉ። ያ ልብስ የማያደርቅ አየር ለዚህ ሙያ ቸርነት ነው።

የላይኛውን ቀለም የሚቀባው ክፍል ውስጥ ገብቼ ብዙ አልቆየሁም፤ መቆየትም አይገባም። በሩ ጥብቅ ነው። የአቧራ ቅንጣት ጠላት ናት። ኡሩሺው በስስ ወረቀት ተጠምዝዞ ደጋግሞ ይጣራል። ብሩሹ ከሰው ጠጉር ነው የሚሠራው፤ ጠጉሩ በሁለት ጣውላ መካከል እንደ እርሳስ ልብ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፣ ሲያልቅ ጣውላውን ጠርበው አዲስ ጫፍ ያወጣሉ። ሰውየው ቀብቶ ሲጨርስ ቆሪዋን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ዓይኑን አጥብቦ ፈለገ፤ ከዚያ ሹል በሆነች ቀጭን እንጨት ለእኔ የማትታየኝን አንዲት ብናኝ አነሳ። ትንፋሼን ይዤ ወጣሁ። የተቀባው ደግሞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እየተገላበጠ ነው የሚጠናው፤ አለዚያ ቀለሙ ወደ አንድ ወገን ይወርዳል።

ማንቆጥቆጡ በባዶ መዳፍ ነው። በጣም የላመ ዱቄት በዘይት ይለወሳል፣ ሰው በእጁ ቆዳ ይፈትጋል፣ መስታወት እስኪሆን። ወርቅ አስገቢው በስለት ቀጭን መስመር ይቀርጽና የቀረጸውን በኡሩሺ አርሶ ወርቅ ያስነክሰዋል። ውበቱን የሚያወራ ብዙ ነውና በዚሁ ልለፈው።

ይልቅ እነዚህን ሁሉ እጆች አንድ ላይ ያሠራቸው ማን ነው? ኑሺያ የሚባሉ ሰዎች ናቸው፤ ሥራም ያሠራሉ፣ ንግድም ያውቃሉ። በድሮ ዘመን ዕቃቸውን ተሸክመው በመርከብና በእግር አገር ለአገር እየዞሩ ለገበሬው፣ ለገዳሙ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ይሸጡ ነበር። ዕቃው ውድ ነው፤ ገበሬ በአንድ ጊዜ አይችለውም። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ዕቁብ አቋቋሙ! የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ያዋጣል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣ የደረሰው የቤቱን ሙሉ ዕቃ ይረከባል፣ በሚቀጥለው ዙር ሌላው። የቆሪ ዕቁብ። ይህን ስሰማ እጄን አጨበጨብኩ፤ አስተርጓሚዬ ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ፣ ስነግራት እሷም ለአዛውንቱ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም በመገረም "በናንተም አገር?" አሉ።

ኑሺያው በዓመቱ ሲመለስ የተጎዳውን ዕቃ ይቀበልና ለጥገና ይዞት ይሄዳል። ዕቃውን የሸጠ ሰው ዕቃውን አላውቅህም አይልም። የዋጂማ ቆሪ እንደገና ተሞርዳ፣ እንደገና ተቀብታ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የምትሄደው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆሪዋ ልመለስ።

በጃፓን የአዲስ ዓመት ዕለት ከሚቀርበው ሁሉ ሾርባው የሚቀዳው በእንዲህ ያለ ቆሪ ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016፣ በየቤቱ ቆሪው ወጥቷል፣ ልጆች ከከተማ መጥተዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ምድር ተናወጠች፤ ልኩ 7 ነጥብ 6። የጣራው ሸክላ ዘነበ፣ ቤቶች ተንበረከኩ፣ አንድ ባለ 7 ፎቅ ሕንፃ ከመሠረቱ ተነቅሎ በጎኑ ተጋደመ። የባሕሩ ዳርቻ በአንዳንድ ቦታ እስከ 4 ሜትር ወደ ላይ ተነሣና የዓሣ ወደቡ ደረቅ መሬት ሆነ። ማታ እሳት ተነሣ። ከ1,000 ዓመት በላይ እንደቆመ የሚነገርለት የጠዋት ገበያ ከነሰፈሩ ነደደ፤ ወደ 240 ቤት። በዚያ ሰፈር የዕቃው ሱቅ ነበረ፣ የሥራ ቤት ነበረ፣ ለዓመታት የከረመ እንጨት ነበረ፣ የአባት ስፓቱላና የአያት ብሩሽ ነበረ። በመላው ኖቶ በአደጋው በቀጥታ ከ220 በላይ ሰው አለቀ፤ በኋላ በስደቱና በብርዱ የሞቱት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 21፣ በእኛ መስከረም 11 ቀን 2017፣ ደግሞ ጎርፍ መጣ፤ ቤት ፈርሶባቸው ጊዜያዊ መጠለያ የገቡትን እዚያው ደርሶ አጥለቀለቃቸው።

ዕቃው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ሥራው ሰንሰለት ነው። እንጨት ፈልፋዩ ካናዛዋ ወዳለች ልጁ ቤት ከሄደ ቀቢው የሚቀባው የለውም። ሞራጁ ከሞተ ላይኛውን የሚቀባው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። አንዱ ቀለበት ቢጎድል ሁሉም ይቆማል። አንድ ሰው ብቻውን መልሶ ሊያቆመው አይችልም፤ ገንዘብ ቢኖረውም። ከዓመት በኋላ ስደርስ የተቃጠለው ሰፈር ተጠርጎ ሜዳ ሆኗል፣ ሣር በቅሎበታል። አዛውንቱ የሚሠሩት በተገጣጣሚ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ቁም ሣጥኑ እርጥበት እንዲይዝ ይታገላሉ። ጎረቤታቸው ወርቅ አስገቢ ነው፣ ማዶው ቀቢ። ቀድሞ በየሰፈሩ የነበሩት አሁን በአንድ መደዳ ተሰልፈዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከአደጋው በፊት 37 የዋጂማ ባለሙያዎች 5 ዓመት ደክመው አንድ ሜትር ስፋት ያላት ሉል ሠርተው ነበር፤ ምድርን በሌሊት፣ የከተሞቿ መብራት በወርቅ የፈነጠቀባት። በ2022 ነው ያለቀችው። ያ ሁሉ ሲናወጥ በከተማዋ ሙዚየም ውስጥ ነበረች፤ ጭረት አልነካትም። በ2025 ኦሳካ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ ሕዝብ ተሰልፎ አያት።

የተሸረፈችው ቆሪ ባለቤት አንዲት የ80 ዓመት እናት ናቸው። በበዓል ቀን ዘመድና ጎረቤት ጠርቶ ማብላት የኖቶ ሰው ወግ ነውና አማታቸው ለእንግዳ የሚሆን 20 ቆሪ ገዝተው ነበር። ቤታቸው ሲፈርስ ጎረቤት ከፍርስራሹ ያወጣላቸው 9 ብቻ ነው። ስምንቱ ታጥበው ደህና ሆነዋል። ዘጠነኛዋን ግን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አንድ ቆሪ ለማስጠገን አውቶቡስ ተሳፍረው። አዲስ ይሻላል ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰሙ አይመስለኝም።

በመጨረሻው ቀን ልሰናበት ስገባ አዛውንቱ ሥራ ላይ ነበሩ። የተሸረፈውን አጽድተው ጠርዙን ሞርደውታል። ጥፍር የምታህል ጨርቅ ቆረጡ፣ በኡሩሺና በሩዝ ሙጫ ነከሩ፣ ከንፈሯ ላይ በጣታቸው አስተኙት። ጫፉን በስፓቱላ ደጋግመው አለሰለሱት። ቀጥሎ አፈሩ፣ ከዚያ ደግሞ አፈሩ፣ ከዚያም ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ። ወራት ይፈጃል።

"ለአዲስ ዓመት ሾርባ ትደርስ ይሆን?" አልኳቸው።

ሊመልሱልኝ አልቸኮሉም። ተነሡና የቁም ሣጥኑን በር ከፈቱ። ውስጡ የእርጥብ እንጨትና የኡሩሺ ሽታ ነበረው። ቆሪዋን መደርደሪያው ላይ፣ ከሌሎች ብዙ የተሸረፉ መካከል፣ ጨርቁ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው አስቀመጧት። ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክረው ጨመቁና የሣጥኑን ግድግዳ ወለወሉ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ የበሩን ውስጠኛ ወገን። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።